ማሬሻሎው የያዘው በር

ዘፋኝን የሚያጠፋት የማያጨበጭብ አድማጭ እንዳይመስላችሁ። እሱን ትለምደዋለች። ዘፋኝን የሚያጠፋት ዘፈኑን ያመነ አድማጭ ነው! ያላጨበጨበ ቢበዛ ቅር ያሰኛችኋል። ያመነላችሁ ዕለት ግን… መግቢያ ቀዳዳ ነው የምትፈልጉት።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው እሑድ የተጠራሁበት የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ነው። ትልቅ ሰው ነዎት ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ለካ ከፊት ማለት ከድምፅ ማጉያው ሥር ማለት ኖሯል! እኔ ማታውኑ ቤቴ ገባሁ፤ ጆሮዬ ግን እስከ ማክሰኞ ሠርጉ ላይ ቆየ።

ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ልጃገረዶች በር ይዘው «አናስገባም» የሚሉትን ወግ መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ ጊዜ የሚከለክለው አፍ ነበር። ዛሬ ቴፕ ነው። ልጃገረዶቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያጨበጭባሉ፤ ቴፑ ይከለክላል። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩ፣ ሙሽራው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ኬኩ ተቆረሰ… ቴፑ አሁንም «አናስገባም!» ይላል። ባለ ቴፑ ለካ ምሳ ላይ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ይኼ ማሽን ማንን ነው አላስገባም የሚለው? የቀረ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እኔ ስስቅ ያየ ሰው ስለሌለ የሙሽራው እናት ደንግጣ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ምን ላድርግ? ትዝ ያለኝ ሌላ በር ነበር።

እንግዲህ አትሳቁ፤ እኔ በልጅነቴ ዘፋኝ ነበርኩ። የልጅ ልጆቼ አያምኑም። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ድምፄን ደህና አድርጎ የሚሰማው በስልክ የሚደውልልኝ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ጤና ይስጥልኝ አባባ» ይለኛል። ያኔ ግን አውራጅ ነበርኩ። አውራጅ ማለት ግጥሙን የምታወጣዋ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋና የልደታ ልጆች ቤት ዋልን። ሥራ የፈታ ልጃገረድ ምን ያደርጋል? ለሠርግ እንዘፍን ጀመር። እኔ አወጣለሁ፤ ዘነበች ከበሮ ትመታለች፤ የቀሩት ይቀበላሉ። ዘነበች አጭር፣ ከበሮዋ ረጅም ነበር። ከሩቅ ሲያያቸው ሰው የትኛው የትኛውን እንደተሸከመ አይለይም።

በትልቅ ከተማ መዝፈን እንደ ባላገር እንዳይመስላችሁ። ባላገር ሁሉ ሰው አንድ ዜማ ያውቃል። ከተማ ውስጥ ግን መንደር በተሻገራችሁ ቁጥር ሰውም ጆሮም ይለወጣል። ጌጃ ሰፈር «ፈጠን አድርጉት!» ይሉናል። ፈጠን ማድረግ ለምደን ጠመንጃ ያዥ ስንሄድ «ምነው፣ የሚያባርራችሁ አለ?» ይሉናል። አንድ ቤት ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር የግቢው ውሻ አብሮኝ ያላዝናል። የቤቱ እመቤት ውሻውን በማባረር ፈንታ፣ «ተይው፣ ጥሩ ተቀባይ ነው» አለችኝ።

ጥር ሲመጣ ደግሞ ዳሱ ከዳስ ይነካካል። አንድ ጊዜ መንገድ ተሳስተን የማናውቀው ሠርግ ገባን። ሙሽራውን «አየለ፣ አየለ» እያልን እስኪበቃን አሞገስነው። ሰውም ያጨበጭባል፣ እኛም ይብስብን ጀመር። ምሳ በልተን ስናበቃ የሙሽራው አባት ጠሩኝና በጨዋ ደንብ፣ «ልጄ፣ አየለ ማን ነው?» አሉኝ። ያስጠሩን ሰዎች አጥር ለአጥር ሆነው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ውለዋል። ዛሬ ድረስ አላናገሩንም።

ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነበር። ከባዱ የእልፍነሽ ሠርግ ነው።

እልፍነሽ ትምህርት ቤት አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። መምህሯ ጠይቀዋት እንኳ መልሱን በጆሮዬ ለእኔ ነግራኝ እኔ ነበርኩ የምመልስላት፤ ያን ያህል ዝምተኛ ነበረች። አባቷ ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። እናቷ እትዬ ደስታ ብቻቸውን ደገሱላት። ሽማግሌ ፊት የሚቆምላቸው ወንድም የለ፣ አማች የሚያስታርቅላቸው አጎት የለ። ያሏቸው ጠላቸው፣ ዳሳቸውና እኛ ነን። ሙሽራው ተፈራ የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ክፉው ነገር አባቱ ናቸው።

ባላምባራስ ይርዳው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ወግ አዋቂ ናቸው። ወግ አዋቂ አማች ከክፉ አማች የሚለየው፣ ክፉውን አማች ምሳ ያበርደዋል። ባላምባራስ አንድ ሠርግ ላይ እጅ ያስታጠበችው ልጅ ከግራ በኩል ጀመረች ብለው ሳይበሉ ሄደዋል ይባላል። ለልጃቸውም ሚስት ሲፈልጉ ብዙ ቤት አይተው ትተዋል። እትዬ ደስታ ይህን ስለሚያውቁ ከዋዜማው ጀምሮ የሚሉን አንድ ነገር ነበር።

«ልጆቼ፣ በሩን አደራ። እህሉን እኔ እችልበታለሁ። በሩ ከተበላሸ ባላምባራስ ልጃቸውን ይዘው ነው የሚመለሱት። ከተመለሱ ደግሞ እልፍነሽን ማን ያገባታል?»

እኔም «አይዞዎት እትዬ» አልኩ። አላወቅሁም።

ያን ጊዜ ሠርግ መደገስ በጣሊያን ፈቃድ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ከበሮ ሲመታ አይወዱም። የእኛን ሰፈር ፈቃድ የሚሰጠው ማሬሻሎው ነው። ማሬሻሎ ማለት ፖሊሶቻቸውን የሚያዝ ሹም ነው። የእኛው ወፍራም፣ ባለ ሙሉ ጺም፣ ቀኑን ሙሉ የሚያልበው ሰው ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ዝፈኑ፣ ከዚያ በኋላ ተበተኑ ብሎ ፈቀደ።

ረፋድ ላይ የሙሽራው ወገን ደረሰ። ባላምባራስ በበቅሎ፣ ዣንጥላ ተይዞላቸው፤ ተፈራ በእግሩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፤ ከፊት አንደኛ ሚዜው ከበደ፣ ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ እንደ ጽላት በሁለት እጁ ይዞ። እኛ የሳንቃውን በር ዘጋንና ጀመርን። ግጥሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤

«በሩ ተዘግቷል፣ ቁልፉም ጠፍቶብናል፣
ሙሽራው ይመለስ፣ እኛ መሽቶብናል!»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ «መሽቶብናል» ማለት በዘፈን ይፈቀዳል።

«እባካችሁ እህቶቼ፣ ክፈቱልን!» ይላል ከበደ በአጥሩ ቀዳዳ።

«አናስገባም!»

«ከሩቅ አገር ነው የመጣነው! ደክሞናል!»

«ከጌጃ ሰፈር ነው የመጣችሁት! አናስገባም!»

በቅሎዋ ላይ ሆነው ባላምባራስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ፊታቸው ላይ ገና ምንም ጉድለት አልተገኘም። አንድ ሁለት ዙር ሄደን በሩን ልንከፍት ስንል… ጫማ ተሰማ። ያ ጫማ! ያኔ የኖረ ሰው ሲመጣ ያውቀዋል። ከበሮው ቆመ። ዘነበች ከበሮዋን ከቀሚሷ ሥር ለመደበቅ ሞከረች። ከበሮው ከዘነበች ይበልጣል።

ማሬሻሎው ሁለት ወታደርና አንድ አስተርጓሚ አስከትሎ፣ ላቡን እየጠረገ በሰዉ መሐል አልፎ በሩ ላይ ደረሰ። አስከፈተን። የሆነ ነገር በጣሊያንኛ ጮኸ።

«ምንድን ነው የምትጮሁት?» አለን አስተርጓሚው። ቀጭን፣ ፈሪ፣ ከአለቃው የባሰ የሚያልበው ሰው ነበር።

«አናስገባም» አለች ዘነበች። ውሸት አታውቅም።

«ማንን?»

«ሙሽራውን።»

አስተርጓሚው ያንኑ አንድ በአንድ ተረጎመ። ማሬሻሎው ቀላ።

«ፈቃድ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው ጌታዬ።»

«የፈቀድኩላቸው እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ።»

«ታዲያ እኔ የፈቀድኩትን ሠርግ የምትከለክል ይህች ቀጫጫ ማን ናት?»

ቀጫጫዋ እኔ ነበርኩ።

«ባስታ!» አለ። በቃ ማለት ነው፤ ይህችን ቃል የልደታ ሰው ሁሉ ሳይማር ነው ያወቃት። ወታደሮቹ እኛን ወደ አጥሩ ገፋ ገፋ አደረጉንና ማሬሻሎው የተፈራን ክንድ ይዞ እየመራ ዳሱ ውስጥ አስገባው። ወንበር አመቻችቶ አስቀመጠው። ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገለት። ከዚያ እጁን አራግፎ፣ ደግ ሥራ የሠራ ሰው እንደሚያደርገው ፈገግ ብሎ ዞር ዞር ብሎ አየን። ምስጋና ነበር የሚጠብቀው!

ከውጭ የባላምባራስ ድምፅ መጣ። አልጮኹም። ወግ አዋቂ አይጮኽም።

«ተፈራ። ና ውጣ።»

ተፈራ ተነሥቶ ወጣ። ምን ያድርግ?

«እኔ ልጄን በሶላቶ አስገብቼ አልድርም» አሉ ባላምባራስ። «ነገ ልጅ ሲወለድ ‹አባትህ እናትህን ያገኛት በጣሊያን ጉልበት ነው› ሊባል? ከበደ፣ በቅሎዋን መልስልኝ።»

ማሬሻሎው አፉን ከፍቶ ቀረ። አስገባሁት ያለው ሙሽራ እየወጣ ነው! ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ወደ ሰማይ።

ይኼኔ እትዬ ደስታ ከጓዳ ወጡ። እጃቸው ላይ ገና ሊጥ ነበር። የባላምባራስን በቅሎ ሲያዩ፣ አፍንጫዋ ወደ ጌጃ ሰፈር ዞሯል። አላለቀሱም። በቀጥታ ወደ ማሬሻሎው ሄደው አስተርጓሚውን በመሐል አቆሙት።

«አንተ ልጄ፣ ለጌታህ ንገርልኝ። የእኛ ሙሽራ ካልተከለከለ አይገባም በለው።»

«እማማ፣ እንዴት ብዬ?»

«እንዳልኩህ ብለህ።»

ተናገረ። ማሬሻሎው መለሰ። አስተርጓሚው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

«እንዲገባ አትፈልጉም ወይ ይላሉ።»

«እንፈልጋለን።»

«ታዲያ ለምን ትከለክሉታላችሁ ይላሉ።»

«እንዲገባ ነዋ!»

ማሬሻሎው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እነዚህ ልጆች አናስገባም ሲሉ ከልባቸው ነው ወይስ አይደለም ይላሉ።»

እትዬ ደስታ ትንሽ አሰቡ። «የሚዘፍኑት ከልባቸው ነው። የሚከለክሉት ግን ከልባቸው አይደለም» አሉ።

አስተርጓሚው ላቡን ጠረገና፣ «እማማ፣ ይህን እኔ ራሴ ገና እየተረዳሁት ነው» አለ። እንደምንም አደረሰው። ብዙ እጁን አወናጨፈ፣ በሩን አሳየ፣ እኔን አሳየ፣ ተፈራን አሳየ…

ከዚያ የማሬሻሎው ፊት ተለወጠ። ድንገት የአንድ እናት ልጅ መሰለ። ለካ በእሱም መንደር ሙሽራ ሲያልፍ መንገድ ላይ ገመድ ወጥረው ይከለክላሉ! ልጅ ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይዞ ያውቃል። ይህን ሲናገር አስተርጓሚውን እንኳ አልጠበቀም፤ በሁለት እጁ ገመድ እየጎተተ አሳየን።

እኛም ተነፈስን። ተገላገልን ብለን።

አልተገላገልንም አንባቢዎቼ! ያላመነ ሹም ክፉ ነው፤ ያመነ ሹም ግን የባሰ ነው። ማሬሻሎው ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። የሙሽራው ወገን በሙሉ ወደ ውጭ! ልጃገረዶቹ ወደ በሩ! ከበሮ! በሩን ራሱ ዘጋው፣ መወርወሪያውን አስገባ፣ ሰፊ ጀርባውን ሳንቃው ላይ ደገፈ። ወታደሮቹን ግራና ቀኝ አቆመ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣

«ካንታ!» አለ። ዝፈኚ ማለቱ ነው።

በዕድሜዬ በመንግሥት ትእዛዝ የዘፈንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ደስታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ጽጌ፣ እባክሽ» አሉ። አወጣሁት። ዘነበችም ከበሮዋን መታች፤ ልጆቹም ተቀበሉ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከበሩ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «አናስ-ጋባም!» ብሎ አገዘን። ማሬሻሎው ነው። ዜማው ደህና ነበር፤ አልዋሽም።

ከውጭ ባላምባራስ በቅሎዋን ወደ በሩ መለሱ። «እህ! አሁን ገና ሠርግ ሆነ» አሉ።

ከበደ ለመነ፣ ተማጸነ፣ በቀዳዳው በኩል ሽቶውን ረጨ። ሽቶው ያረፈው ማሬሻሎው ጆሮ ላይ ነው። ማሬሻሎው አሸተተ፣ ደስ አለው፣ ሌላኛውን ጆሮውን አዞረ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። እኔም ጊዜው ደረሰ ብዬ የማስገቢያውን ግጥም አወጣሁ፤

«ቁልፉ ተገኘልን ከአጥሩ ሥር ወድቆ፣
ይግባ ሙሽራችን፣ አይቅር ተሳቅቆ!»

ልጆቹ እልል ብለው ወደ መወርወሪያው እጃቸውን ሰደዱ።

«ኖ!» አለ ማሬሻሎው። ጀርባው ከሳንቃው ንቅንቅ አላለም። «አናስ-ጋባም!»

«ዘፈኑ አልቋል በለው» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ዘፈኑ አልቋል ጌታዬ።»

«እንዴት ያልቃል? እኔ ገና መጀመሬ ነው!» አለ። በእሱ መንደር ለካ ገመዱ እስኪመሽ አይለቀቅም።

እንግዲህ ምን ይባላል? ሽጉጥ የታጠቀን ሰው «ጨዋታው ቀርቷል» ብሎ የሚጎትት ማን ነው? ከበደ የቀረውን ሽቶ እስከ ጠብታው አፈሰሰለት። ሽቶውን ተቀብሎ በሩን ያልከፈተ ሹም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳ ጉዳይ ለማስፈጸም በየቢሮው ስመላለስ… ልተወው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ወጡ ይቀዘቅዛል። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ፣ ያው ይኸው ማሬሻሎ ራሱ ሰዓቱን አይቶ «ተበተኑ» ሊለን ነው! እትዬ ደስታ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ በሩን ያያሉ። ሙሽራው ሳይገባ ፈቃዱ ካለቀ ሌላ ቀን ሌላ ድግስ የለም። ጠላው አንድ ጊዜ ነው የተጠመቀው።

እና መለመን ጀመርን። ልብ በሉ፤ እኛ! የሙሽሪት ወገን! ልጃገረዶቹ ለመኑ፣ የወጥ ቤት ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ መጥተው ለመኑ፣ አንዲት አሮጊት «በልደታ ይዤሃለሁ» አሉት። እኔም በዜማ ለመንኩ፣ ያለ ዜማ ለመንኩ። «ይግባልን!» እንላለን በአንድ ድምፅ። «አናስ-ጋባም!» ይላል እሱ፣ ጉንጩ በደስታ ቀልቶ።

ለማኝ መሆን የሚገባው የሙሽራው ወገን ከአጥሩ ውጭ ጥላ ይዞ ተቀምጦ ያዳምጠናል። ከበደ አላስችለው ብሎ፣ «ባላምባራስ፣ በጀርባ በኩል አጥሩን ዘልለን እንግባ?» ሲል ሰማሁት።

«ዝም በል!» አሉት ባላምባራስ። «አትቸኩል። በወጉ ይለመን።»

«የሚለምነው'ኮ የእነሱ ወገን ነው።»

«ታዲያስ! የሙሽሪት ወገን ‹ይግባልን› ብሎ ሲለምን በዕድሜህ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ቁጭ በል።»

በዚህ መሐል ከኋላዬ ጩኸት ተነሣ። «ኧረ አትነሺ! ኧረ ሙሽራ አይነሣም!» የሚሉት ሚዜዎቿ ናቸው። ዞር አልኩ። እልፍነሽ ዓይነ ርግቧን እንደለበሰች ከቤት ወጥታ ግቢውን እያቋረጠች ነው። በዚያ ዘመን ሙሽራ እንኳን ልትሄድ ቀና ብላ አታይም። ሚዜዎቿ ከኋላ የቀሚሷን ጫፍ ይዘዋል፤ እሷ እየጎተተቻቸው ትመጣለች። እኛ ዘንድ ስትደርስ ከበሮው ቆመ።

ማሬሻሎው ፊት ቆመች። ዓይነ ርግቧን ገለጠች።

«ዞር በል» አለችው።

በአማርኛ ነው ያለችው። አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። ማሬሻሎው ዞር አለ። ባርኔጣውንም አወለቀ።

መወርወሪያውን ራሷ ሳበች። በሩ ተከፈተ። ከውጭ ተፈራ እንደ ተተከለ ቆሟል። ሚስቱን ሠርግ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በር ከፋች ሆና ያገኛታል ብሎ ማን ይጠብቃል?

«ደህና ዋልሽ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ባላምባራስን ነው የሚያየው። ባላምባራስ ከበቅሎዋ ወረዱ። በሩን አዩ፣ መወርወሪያውን አዩ፣ ሙሽሪትን አዩ። እትዬ ደስታ የሊጥ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ቆመዋል።

«ሙሽራ ተነሥታ በር ስትከፍት ያየ አለ?» አሉ ባላምባራስ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እኔም አላየሁም» አሉ። ሙሽሪትን እንደገና አዩ። «እንግዲህ በዚህ ዘመን ጠመንጃ ፊት ቆማ በር የምትከፍት ምራት ካገኘሁ… ወጉ ይቅርብኝ።»

ገቡ። እልልታው ሲነሣ ያ አብሮኝ ያላዝን የነበረው ውሻ ሳይሰማ አልቀረም።

ማሬሻሎው አልሄደም። በላ፣ ጠጣ፤ ከዚያ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ዘግይቶ የመጣውን እንግዳ ሁሉ «አናስ-ጋባም!» ይላል። የእትዬ ደስታን የንስሐ አባት ሳይቀር ደጅ አቆማቸው፤ መስቀላቸውን አሳልመው ነው የገቡት። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሰዓቱን አወጣ፣ ፊቱን መልሶ አኮሳተረ፣ «ባስታ! ተበተኑ!» አለን። ያስገባን እሱ፣ የከለከለን እሱ፣ የበተነን እሱ!

እኛም ከዚያ ወዲያ ስማችን ገነነ። ሠርግ ያለው ሁሉ እኛን ይጠራ ጀመር። ጠመንጃ ያዥ አንድ ሰውዬ ሊያነጋግረኝ መጥቶ፣ ወግ አዋቂ እንደሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የምትመጡት ከማሬሻሎው ጋር ነው ወይስ ለብቻችሁ?» ብሎኛል። ለብቻችን ነው ስለው ቅር አለው።

ጣሊያን የወጣ ዕለት የእልፍነሽ እናት ቤት ነበርን። እልፍነሽ ልጇን አዝላለች። ባላምባራስ ለምራታቸው እናት ክብር ሲሉ ቆመው ነው የሚያወሩት። ምርኮኞቹን የጫነ መኪና በልደታ በኩል ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ መንገድ ወጣ። ማሬሻሎው ከመሐላቸው ይኑር አይኑር አላየሁም። ዘነበች ግን ያን ቀን አስታውሳ ታሾፍበት ጀመር።

«አይ ያ ሰውዬ! ዘፈኑንና እውነቱን እኮ አይለይም ነበር!» አለች።

እትዬ ደስታ ያን የሳንቃ በር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ መኪናው እስኪርቅ አዩ።

«እሱ ብቻ መሰለሽ?» አሉ። «የእኔም ሰውዬ ማይጨው ድረስ ሄዶ ‹አናስገባም› ብሏቸው ነበር'ኮ። ወግ መስሏቸው ነው።»